ማህተም የሌለው ሥራ

«ልምድ ያለው ይሁን የሌለው?»

ጥያቄው ለእኔ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት አማን ከተማ፣ ዋናው መንገድ ዳር ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ፈተና ላባዛ ገብቼ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ የጠየቀችው ከፊቴ የቆመችውን አዲስ ተመራቂ ነው። ሻይ በስኳር ይሁን ያለ ስኳር እንደሚል አስተናጋጅ፣ ቀና እንኳ ሳትል ነው የጠየቀቻት። ተመራቂዋ ግራ ገብቷት «ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለች። «የሌለው ማመልከቻና ሲቪ ብቻ ነው፤ መቶ ብር። ያለው ከነሥራ ልምዱ፣ ከነማህተሙ ነው፤ አምስት መቶ።» ተመራቂዋ ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ያለው ይሁንልኝ» አለች። ማተሚያው አጉረመረመ፤ ወረቀቱ ወጣ፤ ጠርዙ እኔ ወዳለሁበት ስለዞረ ሳልፈልግ አነበብኩት። «በጫናም በዝናብም ውስጥ ያለመታከት የመሥራት ብቃት ያለኝ ስሆን፣ ለተቋሙ ራዕይ መሳካት የበኩሌን ለማበርከት ዝግጁ መሆኔን በታላቅ ትህትና እገልጻለሁ» ይላል።

«በጫና ውስጥ» የሚለውን ሁሉም ይለዋል። «በዝናብም» የምትለውን ቃል ያስገባኋት ግን እኔ ነኝ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ የሚዛን ዝናብ ለሦስት ቀን ሳያባራ የተከራየኋትን ክፍል ጣሪያ ሲያንጠባጥብ፣ ባልዲውን አልጋዬ አጠገብ አድርጌ ለተማሪዎቼ ናሙና ማመልከቻ ስጽፍ ነው የጨመርኳት። ማመልከቻው የአገሩን መልክ የያዘ መስሎኝ በራሴ ተደስቼ እንደነበር አስታውሳለሁ። ልጅቷ ትኩር ብዬ ማየቴን አይታ «ቲቸር፣ ቆንጆ ናት አይደል? ይቺን የወሰደ ሰው ሳይጠራ ቀርቶ አያውቅም» አለችኝ። «ማን ነው የጻፋት?» አልኳት። «እኔ እንጃ! ቤቱን ከበፊቱ ባለቤት ስንረከብ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበረች። የድሮ ሰው ነው የጻፋት፤ አማርኛው ያስታውቃል።» የበሰበሰ ነገር ነክሼ የዋጥኩ ያህል ምራቄ መረረኝ። ፈተናዬን ሳላባዛ ወጣሁ።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ወደ ሚዛን የመጣሁት በጅማና በቦንጋ አድርጌ፣ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዤ ነው። ሚዛንና አማን ገና አልተጋጠሙም ነበር፤ መሀላቸው ሙዝና ኮረሪማ የተጫኑ ሴቶች በእግር የሚሄዱበት፣ ሚኒባስ ጭቃ እየረጨ የሚያልፍበት መንገድ ነበር። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ሻይ በዳቦ አንድ ብር። የወንዶቹ ሱሪ ከታች ሰፊ ስለነበር የከተማውን ጭቃ ሁሉ ጠርጎ ቤት ያስገባ ነበር። ወደ መናኸሪያው መታጠፊያ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበረ፤ ድምፅ ማጉያውን በረንዳው ላይ ሰቅሎ አንዱን የፍቅር ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ያስደምጣል፤ ቅዳሜ ለገበያ የመጣ ሰው ጎደሬውን መሬት ዘርግቶ አብሮ ያንጎራጉራል። እኔ በዚያ ሁሉ ጭቃ ውስጥ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ፣ የደረት ኪሴ ውስጥ ሦስት እስክሪብቶ ደርድሬ እሄድ ነበር። ሰማያዊው ለመጻፊያ፣ ጥቁሩ ለፊርማ፣ ቀዩ ለእርማት ነው። የማስተምርበት ኮሌጅ በር ላይ በርሜል ውኃና ብሩሽ ይቀመጣል፤ ተማሪዎቹ ኮንጎ ጫማቸውን፣ እኔ ቆዳ ጫማዬን አጥበን እንገባለን። ዛሬ ያን ክራቫት ሳስበው አንገቴን ያሳክከኛል።

የማስተምረው የእርሻ መሣሪያዎች ጥገና ነበር። ነገር ግን ዓርብ ከሰዓት ማንም ሳያዘኝ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ከፈትኩ፤ የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሞተር ይልቅ የምወደው ይህን ነበር። ርዕሱ ከሥሩ እንዲሰመርበት፣ «ጉዳዩ» የሚለው ቃል የት እንደሚቀመጥ፣ ፖስታው ምራቅ ሳይነካው እንዴት እንደሚታሸግ ሳይቀር አስረዳ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ደጋግሜ አስጠናኋቸው፤ ችሎታ የሚቆጠረው በወረቀት ሲደገፍ ነው፤ ወረቀት ደግሞ ወረቀት የሚሆነው ክብ ማህተም ሲያርፍበት ነው። ተማሪዎቹ ይህን እንደ ጸሎት በቃላቸው ያዙት።

ከእነሱ መሀል አንዷ ጸጋነሽ ነበረች። የጌጫ ልጅ ናት፤ አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ስለሆነ የምትናገረው በአጭሩ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብላ ዝም ትላለች። አባቷ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ነበሩ። ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፎውን ሳይከፍቱ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ብቻ ማሩ መሙላቱን አለመሙላቱን ያውቁ እንደነበር ነግራኛለች። እሷ ደግሞ ያንኑ ጆሮ ወደ ማሽን አመጣችው። የካቻቢቴውን ጫፍ እየሠራ ባለው ማሽን አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ ታደርግና ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ከዚያ «እዚህ ጋ ነው» ትላለች፤ እዚያው ጋ ይሆናል። በቡና መልቀሚያ ወራት ሳምንት ሙሉ ከክፍል ትጠፋለች። የት እንደምትሄድ ሁሉም ያውቃል፤ ከጌጫ ቁልቁል፣ በየመንደሩ ያሉ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች ሲበላሹ የሚያስጠሩት እሷን ነበር። እኔም አውቃለሁ። ሆኖም ሥርዓት ወዳድ ነኝና ስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» እያልኩ ምልክት አደርግ ነበር።

ከቴፒ ወጣ ብሎ ያለ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ የግል እርሻ የመፈልፈያ ማሽን ጥገና ሠራተኛ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ደመወዙ ከእኔ ይበልጣል፤ ቤት አለው፤ ሥራው ቋሚ ነው። ጸጋነሽ አባቷ በዚያው ዓመት ከዛፍ ወድቀው ወገባቸው ተሰብሮ ስለነበር ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። ማመልከቻዋን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ከደብተር የተገነጠለ አንድ ወረቀት ነው። ርዕስ የለው፣ ጉዳዩ የለው። እንዲህ ይላል፦ «ከጌጫ ቁልቁል፣ ከድልድዩ በላይ ያለው መፈልፈያ። ማሽኑ ዘር ይሰብር ነበር። ዲስኩ ጠብቆ ነው። አላላሁት። አሁን አይሰብርም። ምስክር፦ የማሽኑ ባለቤት።» ከሥሩ ሌላ ማሽን፤ ከሥሩ ሌላ። ሰባት ማሽን ነበር፤ እያንዳንዱ ምን ሆኖ እንደነበር፣ ምን እንዳደረገችው፣ ምን እንደተለወጠ፣ ማን እንዳየ።

ዛሬ በክፍሌ የማስተምረው ይህንኑ ነው። የሙያ ሰው ችሎታውን የሚያሳይበት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ያኔ ግን ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁና ወረቀቱን ከጥግ እስከ ጥግ ሰርዤ፣ ከላይ «ይህ ማመልከቻ አይደለም» ብዬ ጻፍኩበት።

«የሠራሽባቸው ቦታዎች ማህተም ያለው ደብዳቤ ሰጥተውሻል?» አልኳት።

«አልሰጡኝም፤ እነሱም ማህተም የላቸው። አንዱ ማር ሰጠኝ።»

«ማር አይያያዝም። ማህተም ከሌለው አልሠራሽም ማለት ነው።»

«ሠርቻለሁ እንጂ ቲቸር። ማሽኑ አለ።»

«ማሽኑን ፖስታ ውስጥ ትከቺዋለሽ?» አልኳት። በቀልዴ ራሴ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

አማን ውስጥ ጋራዥ ያለው ደሳለኝ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ያን ቀን ከሰዓት ይዣት ሄድኩ። እሷ ውጪ ቆማ እኔና እሱ ጥብስ ስንበላ፣ «ሁለት ዓመት በጋራዣችን በመካኒክነት በትጋት አገልግላለች» የሚል ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ እሱ ማህተሙን እፍ ብሎ መታበት። እጁ ላይ የነበረው የጥብስ ቅባት የወረቀቱን ጥግ ነክቶት እንደነበር እስካሁን ይታየኛል። ደብዳቤውን ስሰጣት አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እዚህ አልሠራሁም» አለች።

«አውቃለሁ። ግን የሠራሽው እዚህ አልተጻፈም፤ የተጻፈው ይሄ ነው። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። እኔ አስተማሪሽ ነኝ፤ እመኚኝ።»

አመነችኝ። ከዚህ ሁሉ ነገር ከምንም በላይ የሚያቅለሸልሸኝ ይህ ነው።

ለቃለ መጠይቅ የተጠራች ቀን አብሬያት ሄድኩ፤ ሥራዬ ሲሳካ ለማየት ፈልጌ ነው። ከቴፒ ወዲህ ካለው ድልድይ ስንደርስ ያ ሽታ ተቀበለን። የመፈልፈያ አገር ሰው ያውቀዋል፤ ሲጀምር እንደ ጠጅ ይጣፍጣል፤ ቀጥሎ እንደ ሆምጣጤ አፍንጫ ይወጋል፤ መጨረሻው የሞተ ነገር ይሸታል። ልጣጩ ተከምሮ ሲበሰብስና ውኃው ወደ ወንዝ ሲወርድ የሚወጣ ሽታ ነው። አፍንጫዬን በመሀረብ ያዝኩ። እሷ «ዘንድሮ ቡናው ጥሩ ነው» አለች፤ ከሽታው ነው ያወቀችው።

ዝናቡ ለአንድ ቀን ቆሞ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። የቢሮው መስኮት ክፍት ስለነበር አጠገቡ ቆሜ የሚባለውን ሁሉ ሰማሁ። የጠያቂዎቹ ሰብሳቢ ድምፀ ለስላሳ ሰው ነው። ወረቀቷን አገላብጦ «እኔ አማን ነው ያደግኩት» አለ፤ «ይህን ጋራዥ አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ሠርተሽበታል። እስቲ ልጄ፣ በሩ ወደ ገበያው ነው ወደ ወንዙ የሚከፈተው?»

እኔ ውስጤ «ወደ ገበያው፣ ወደ ገበያው በይ!» ይል ነበር።

«አላውቅም» አለች። «ውስጡ ገብቼ አላውቅም። እዚያ አልሠራሁም።»

«ታዲያ ይህን ደብዳቤ ማን ሰጠሽ?»

ከመስኮቱ እስከ በሩ ያለው አሥር እርምጃ አይሞላም። ገብቼ «እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ልጅቷ ሰባት ማሽን ጠግናለች፤ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው» ማለት እችል ነበር። የሰረዝኩት የደብተር ወረቀቷ እውነትም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ወዲያው ያሰብኩት ኮሌጁን ነው፤ ዲኑን፣ የሙከራ ጊዜዬን፣ ክራቫቴን። እግሬ አልተነሳም።

«አልነግርዎትም» አለች ጸጋነሽ።

«ፖሊስ ያልጠራሁት የሰው ልጅ መሆንሽን አይቼ ነው። ሂጂ።»

ወጣች። አላለቀሰችም። ግቢውን አቋርጣ ወደ አጥሩ በር ስትሄድ የሚሠራውን መፈልፈያ ማሽን አለፈችውና ቆመች። አንገቷን ዘንበል አደረገች። ተመለሰች። ማሽኑ ላይ የነበረው ሠራተኛ ቦት ጫማ ያጠለቀ፣ የደከመው ሰው ነበር።

«ወንድሜ፣ ማሽንህ እየበላ ነው» አለችው።

«ቡና ነው የሚበላው፤ ምን እንዲበላ ፈለግሽ? ቆጮ?»

«ልጣጩን ብቻ ነው መብላት ያለበት። ከሥር ዝገንና እይ።»

ሰውዬው እጁን ከቦዩ ከቶ አወጣ። መዳፉ ላይ ያለው ዘር ግማሹ ለሁለት የተሰነጠቀ ነበር። ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ማሽኑ ውስጥ የሚሽከረከር ዲስክ አለ፤ በእሱና በፊቱ ባለው ብረት መሀል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ቡናው ሳይላጥ ያልፋል፤ ሲጠብ ደግሞ ዘሩ ይሰበራል፤ የተሰበረ ዘር ዋጋ የለውም። ጸጋነሽ አስጠፋችው፤ መፍቻ ቁልፍና ካቻቢቴ ተቀብላ አላላች፤ አስነሳችው፤ ካቻቢቴውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እንደገና አስጠፋችና ጥቂት አላላች። ሦስተኛው ላይ ሰውዬው ዘግኖ አየ፤ ሙሉ ዘር ነበር።

«አንቺ! የት ጋራዥ ነው የተማርሽው?» አለ።

«የትም» አለችና መሣሪያውን መልሳለት ሄደች።

በማግስቱ አጥሩ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ስሟ ከነአባቷ ስም፣ «በሐሰተኛ ማስረጃ የተሰረዘች» ከሚል ቃል ጋር። ትንሽ አገር ነው፤ ወሬው ከቴፒ ሚዛን ለመድረስ አንድ የገበያ ቀን ይበቃዋል። እሷ ግን ያን ቀን ስንመለስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የደብተር ወረቀቴን ይመልሱልኝ።» ሰጠኋት። ኮሌጁን አልጨረሰችም። ሁለት የመልቀሚያ ወቅት በሰው እርሻ ቡና ስትለቅም እንደከረመች፣ ኋላም አንድ ትንሽ መፈልፈያ በወቅቱ መሀል ተሰብሮ ባለቤቱ ጨንቆት እንዳስጠራት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ቴፒ የራሷን መጠገኛ ቤት እንደከፈተች በወሬ ሰማሁ። ለመሄድ አስቤ አላውቅም። ናሙና ማመልከቻዬን ግን በየዓመቱ ሳባዛ ቆየሁ፤ ያውም በአማኑ ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር አስጽፌ። ኋላ ማስተማሬን ስለውጥ ያችን ፋይል ማጥፋት ትዝ አላለኝም። ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ከነማህተሙ የምትቸረችረው እሷኑ ነው።

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በወጣሁ በማግስቱ ቴፒ ሄድኩ። ድልድዩ ጋ ያ ሽታ አለ፤ ምንም አልተለወጠም። መሀረቤን አላወጣሁም።

መጠገኛ ቤቷ ከመናኸሪያው ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ሰማያዊ ቱታ ለብሳ ከአንድ የተፈታ ማሽን ሥር ወጣችና ለአፍታ አየችኝ።

«ቲቸር! ጸጉርዎን ምን ነካው?»

«የሚዛን ዝናብ አጥቦት ነው።»

ሳቀች። ወንበር በጨርቅ ጠርጋ ሰጠችኝ። ልቀልድ አልመጣሁምና የፎቶ ኮፒ ቤቱን ነገር ሁሉ ነገርኳት፤ ያችን «በዝናብም» የምትል ቃል ጭምር።

«አምስት መቶ ገባ?» አለች። «እኔ በነጻ ነው ያገኘሁት።»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

«አውቃለሁ። ጥላዎ ወለሉ ላይ ነበር።»

ፀሐይ እንደነበረ ያኔ ትዝ አለኝ። እኔን አይታ ነው «አልነግርዎትም» ያለችው። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ሰውነቴ ለራሴ ቀፈፈኝ።

ተነስታ አንድ ወፍራም መዝገብ አመጣች። እሷ ጋ ሠርቶ የሚሄድ ሁሉ ልምዱን የሚያስጽፈው ከዚህ ነው፤ ማሽኑ ምን ሆኖ ነበር፣ ማን ምን አደረገው፣ ምን ተለወጠ፣ ማን አየ። «አሁን ማህተምም አለኝ» አለች፤ «ግን ምስክር ያለበት መስመር ላይ ብቻ ነው የምመታው።» የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠችው። የደብተሩ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ቀዩ ቀለሜ ደብዝዞ ሐምራዊ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ «ይህ ማመልከቻ አይደለም» የሚለው ግን ይነበባል። ከሰባቱ ማሽኖች ሥር በሌላ ቀለም ስምንተኛ ተጽፏል፦ «ከቴፒ ወጣ ብሎ ያለው እርሻ። ማሽኑ ዘር ይሰብር ነበር። ክፍተቱን አሰፋሁት። መስበር አቆመ። ምስክር፦» ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። መዝገቡ ውስጥ ምስክር የሌለው መስመር እሱ ብቻ ነበር።

«ማሽኑ ላይ የነበረው ሰውዬስ?»

«ስሙን አልጠየቅኩትም፤ እሱም የእኔን አልጠየቀኝ። ሌላ ያየ ሰው ግን ነበር።» መዝገቡን ወደ እኔ ገፋችው። «አይተዋል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ይጻፉ።»

እጄን ወደ ደረት ኪሴ ሰደድኩ። መጀመሪያ የመጣው ቀዩ ነበር፤ መልሼ ከተትኩት። በሰማያዊው «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው መምህር…» ብዬ ስጀምር ጸጋነሽ ዘይት የነካ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው ቲቸር? ስም ብቻ።»

የጻፍኩትን ሰረዝኩና ስሜን ብቻ ጻፍኩ። ጸጋነሽ ማህተሙን ከመሳቢያ አወጣች፤ እጇን በጨርቅ በደንብ ጠረገችና መታችበት።